የአሥራ ሦስተኛው ወር ፊርማ

ፋርማሲስት ለመሆን ምን ያስፈልጋል? አምስት ዓመት ከመጽሐፍ ጋር መፋጠጥ ያስፈልጋል። የመመረቂያ ጽሑፍ ያስፈልጋል። ቀኝ እጅን አንስቶ መማል ያስፈልጋል። ይህን ሁሉ ጨርሼ ተገላገልኩ ሲሉ ደግሞ መንግሥት «ቆይ እንጂ!» ይላል፤ ገጠር ወርዶ አንድ ድፍን ዓመት፣ አንዲት ቀን ሳይጎድል ማገልገል ያስፈልጋል። ስም በአዋጅ ወጥቶ ፈቃድ ግድግዳ ላይ የሚሰቀለው ከዚያ በኋላ ነው። ሰው መውደድ ከመስፈርቶቹ መካከል የለም። ኔሬይዳ ፓንያጉዋም ከሳንቲያጎ ከተማ ተነስታ ወደ ተራራዋ ሎማ ክላራ ስትመጣ፣ እንዲህ ያለ ነገር ይገጥመኛል ብላ አላሰበችም ነበር።

ዓመቱ በሚሞላበት ቀን፣ ማክሰኞ ጠዋት፣ የሆስፒታሉ ዳይሬክተር ቢሮው አስጠራት። ዶክተር ባልቡዌና ወደ ሎማ ክላራ ከተዛወረ ገና አምስት ወሩ ነው። ክፉ ሰው አይደለም፤ ሕግ ግን ይወዳል።

«ቁጭ በይ ልጄ» አላት። የፊርማ መዝገቡ ፊቱ ተዘርግቷል። «የምስክር ወረቀትሽን ልፈርምልሽ ብዬ ቀንሽን ቆጠርኩ። ሦስት መቶ ሃምሳ ስድስት ሆነብኝ።»

«ሦስት መቶ ስልሳ አምስት ነው እንጂ ዶክተር።»

«እኔም እንደዚያ ብዬ ሦስት ጊዜ ቆጠርኩት።» መዝገቡን ወደ እሷ አዞረው። የኅዳር ገጽ ነው። በስሟ ትይዩ ዘጠኝ መስመሮች ባዷቸውን ቀርተዋል።

ኔሬይዳ ወዲያው ትዝ አላት። ያ የዝናብ ሰሞን! ከወንዙ ማዶ ባለችው በኤል ማሜይ መንደር የስኳር ሕመምተኞች ኢንሱሊን አልቆባቸው፣ የቀድሞው ዳይሬክተር ኮሪደር ላይ አግኝቷት «ሮጠሽ ድረሽላቸው» ብሏት ነበር። የበረዶ ሳጥኗን ተሸክማ ተሻገረች። ማታውኑ ወንዙ ሞልቶ ተንጠልጣዩን ድልድይ ጠርጎ ወሰደው። ዘጠኝ ቀን ማዶ ቀረች። በረዶው ሲሟሟ ኢንሱሊኑን በሸክላ እንስራ ውስጥ እያቀዘቀዘች፣ የተቀቀለ አረንጓዴ ሙዝ እየበላች፣ ከቤት ቤት እየዞረች ስትወጋ ሰነበተች። በሕይወቷ እንደዚያ ሠርታ አታውቅም። መዝገቡ ላይ ግን እንደ ቀረች ተቆጥራለች።

«የላከሽ ሰው ተዛውሯል» አለ ዶክተሩ። «ወረቀት ጽፎ ነበር የላከሽ?»

«በዚያ ዝናብ ማን ወረቀት ይጽፋል?»

«እኔ አምንሻለሁ። መዝገቡ ነው የማያምንሽ። ማስረጃ ካላመጣሽ ዘጠኙን ቀን ትደግሚያለሽ፤ ከዚያ እፈርምልሻለሁ።»

ዘጠኝ ቀን! ለሌላ ሰው ዘጠኝ ቀን ምንም አይደለም። ለኔሬይዳ ግን ዓርብ የመጨረሻው ቀን ነበር። ኪስዋ ውስጥ ያለውን የእናቷን ደብዳቤ በቃሏ አጥንታዋለች፦

«ልጄ ሆይ፣ አባትሽ ከሞተ ወዲህ ፈቃዱ ከግድግዳ ላይ ወርዶ መድኃኒት ቤታችን እንደ ተዘጋ ነው። ተቆጣጣሪው እስከ ዓርብ ጊዜ ሰጥቶኛል። ዓመትሽን መፈጸምሽን የሚያሳየው ወረቀት ዋና ከተማ ከደረሰ፣ አዋጁ እስኪወጣ ይታገሡናል፤ ቤቱ ከመዝገብ አይፋቅም። ካልደረሰ ግን ፋቢያን የራሱን ፈቃድ ሊሰቅልልን ፈቃደኛ ነው። ምን እንደሚፈልግ ታውቂያለሽ። ደግ ልጅ ነው፣ ቤተሰቡም የእኛ ቢጤ ነው። አስቢበት። እናትሽ ኦፌሊያ።»

በየከተማው የተለመደ ነገር ነው። ፈቃድ የሌለው መድኃኒት ቤት ባለፈቃድ ሰው ፈልጎ ስሙን ግድግዳው ላይ ይሰቅላል። ፋቢያን ግን ከስሙ ጋር ቀለበትም ሊያመጣ ነው። ወረቀቱ ዓርብ ካልደረሰ ኔሬይዳ የአባቷን ቤት ለማዳን ያላት መንገድ አንድ ብቻ ነው፤ እሱም የማትወደውን ሰው ማግባት።

ከቢሮው ወጥታ በቀጥታ ወደ መዝገብ ክፍል ሄደች።

ኤሊሂዮ ሞንታስ የፊርማ መዝገቡ ጠባቂ ነው። ሁለተኛ ደረጃን ጨርሶ እዚያው የቀረ፣ የኤል ማሜይ ልጅ፣ ዝምተኛ፣ ጽሕፈቱ የሚያምር ሰው። ዓመቱን ሙሉ በየጠዋቱ መዝገቡን ወደ እሷ አዙሮ፣ የብዕሩን ክዳን ከፍቶ ይጠብቃታል። ሌላው ሠራተኛ በሚያፈስ ብዕር ይፈርማል፤ ለእሷ ግን የማያፈስ አንድ ብዕር በመሳቢያው ውስጥ ነበረው። ስትፈርም እጇን ያያል፤ ቀና ስትል ጣሪያውን ያያል። እሷም ብትሆን ቀስ ብላ መፈረም የለመደችው እጇ ስለደከመ አልነበረም። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ! ሁለቱም ያውቁት ነበር፤ የሚናገረው ግን አልተገኘም። ባለፈው ሳምንት ብቻ፣ ማንጎው ዛፍ ሥር ቆመው ሚኒባስ ሲጠብቁ፣ «ምናለ ዓመት አሥራ ሦስት ወር ቢኖረው» ብሎ ነበር፤ በእነሱ አቆጣጠር ዓመት አሥራ ሁለት ወር ብቻ ነው። ያን ማታ ስታስበው በሳቅና በደስታ እንቅልፍ አጥታ አደረች።

አሁን ያ ቃል ሌላ መልክ ይዞ መጣባት።

«አየኸው አይደል?» አለችው ገና ከበሩ። «ኅዳርን አይተኸዋል! ስድስት ወር ሙሉ በየቀኑ ይህን መዝገብ ስትገልጥ ባዶውን እያየህ ዝም አልከኝ!»

ኤሊሂዮ ተነስቶ ቆመ። «አይቼዋለሁ፣ ሊሴንሲያዳ።» ዓመቱን ሙሉ በማዕረጓ እንጂ በስሟ ጠርቷት አያውቅም።

«ነርሶቹ አንዷ ለአንዷ ይፈርማሉ። ሾፌሩ ለዘበኛው ይፈርማል። አንተ ለእኔ ዘጠኝ ፊርማ አቃተህ?»

«እሱን ማድረግ አልቻልኩም። እርስዎ…»

«አልፈለግህም በል! አሥራ ሦስተኛ ወር አላልክም? ይኸው አገኘህ! አስቀርተኸኛል፤ ደስ ይበልህ!»

«እንደዚያ አይደለም። እስከ ሐሙስ ብቻ ይታገሡኝ።»

«ሞኝህን ፈልግ!» አለችው። እዚህ ላይ ብታቆም ኖሮ ጥሩ ነበር። አላቆመችም። «ለነገሩ በአንተ ምን ልፍረድ? በጣቱ ከሚፈርም መንደር የመጣ ሰው ፈቃድ ምን እንደሆነ ከየት ያውቃል!»

ከአፍ የወጣ አፋፍ ይባል የለ? ቃሉ ገና ከአፏ እንደወጣ ሊመልሰው የሚችል ነገር ብታገኝ ዓመቷን በሰጠች። ኤሊሂዮ ፊቱ አመድ መሰለ። የገዛ እናቱ በጣቷ ነው የምትፈርመው፤ ኔሬይዳ በኅዳር ያንን ሁሉ ቀን ያደረችው ደግሞ በዚያችው እናት ቤት ነው። መሳቢያውን ከፍቶ ያንን የማያፈሰውን ብዕር ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠላት፤ ባርኔጣውን አነሳና ወጣ።

ረቡዕ ኤሊሂዮ ሥራ አልገባም። መዝገቡ ክፍት ጠረጴዛ ላይ ነበር፤ ከአጠገቡ የሚቀመጠው የማኅተም ቀለም ቆርቆሮ ደግሞ የለም። ኔሬይዳ ልብ አላለችውም። እሷ የምታስበው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ፈርቶ ሸሸ፣ ወይም ተቀይሞ ቀረ። ቀኑን ሙሉ ኪኒን ስትቆጥር ሁለት ጊዜ ተሳሳተች፤ ተሳስታ አታውቅም።

ከምሳ በኋላ ወረቀት አወጣችና ለእናቷ ጻፈች። «እማዬ፣ ወረቀቱ አይደርስም። ለፋቢያን እሺ በይልኝ።» ከዚህ በላይ የሚጻፍ ነገር አላገኘችም። የተጻፈውን ስታነበው እሺ የምትለዋ ቃል ከወረቀቱ ሁሉ ገዝፋ ታየቻት። አጣጥፋ ከእናቷ ደብዳቤ ጋር ኪስዋ ከተተችው፤ ሐሙስ ከሰዓት በሚወርደው ሚኒባስ ልትልከው። ያን ጊዜ ነው ለመጀመሪያ ጊዜ ያለቀሰችው፤ የመድኃኒት ክፍሉን በር ከውስጥ ቆልፋ፣ በነጭ ጋውኗ እጅጌ እየጠረገች።

ሐሙስ ረፋድ ላይ ከግቢው ጩኸት ተሰማ።

«ዳይሬክተር ነኝ ባዩ የታለ? ልጅቷ አልነበረችም ያለው የታለ?»

ኔሬይዳ ድምፁን አወቀችውና በመስኮት ተንጠራራች። የኤሊሂዮ እናት ዶኛ ታታ በበቅሎ ላይ ተቀምጣ ጥቁር ጃንጥላ ዘርግታለች። ኤሊሂዮ እስከ ወገቡ ጭቃ ሆኖ በቅሎዋን ይስባል። እጁ እስከ አንጓው ሐምራዊ ሆኗል፤ የዶኛ ታታም አውራ ጣት እንደዚሁ።

ዶክተር ባልቡዌና መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ ወጣ። «እኔ አላልኩም እናቴ። መዝገቡ ነው ያለው።»

«እንግዲያው መዝገብህ እኔ ቤት መጥቶ ይደር! ዘጠኝ ሌሊት አንድ አልጋ ላይ ነው የተኛነው። ስትተኛ እንደ ጥጃ ትራገጣለች። ይኸንንም ጻፈው!»

ግቢው በሳቅ ተሞላ። ኔሬይዳ ፊቷ ቲማቲም መሰለ፤ ሳቅና ለቅሶ አንድ ላይ መጡባት።

ኤሊሂዮ ከሸሚዙ ሥር በላስቲክ የተጠቀለለ ወረቀት አውጥቶ ለዶክተሩ ሰጠው። በዚያ በሚያምር ጽሕፈቱ ዘጠኙም ቀን ተራ በተራ ተጽፏል። የትኛው ቀን ለማን መርፌ እንደ ወጋች፣ የትኛው ቀን እንስራውን በእርጥብ ጨርቅ እንደ ጠቀለለች፣ የትኛው ቀን በጭቃ ተንሸራትታ ወድቃ የበረዶ ሳጥኗን ግን እንዳልለቀቀች። ከሥሩ፣ ከወረቀቱ ፊት አልፎ እስከ ጀርባው፣ የአውራ ጣት አሻራ ነው። ሐምራዊ፣ አንዱ ትልቅ አንዱ ትንሽ፣ አንዱ የደበዘዘ አንዱ የጠራ። ወጣቱም ሽማግሌውም በጣቱ ፈርሟል።

ዶክተሩ መነጽሩን አውርዶ አነበበ። ጀርባውን ገልብጦ ቆጠረ።

«ስልሳ ሦስት» አለ። «ስልሳ ሦስት ሰው ተሰብስቦ አንድ ዓይነት ውሸት አይዋሽም። በእኛ አገር አንድ ዓይነት እውነት እንኳ ሲናገር አይቼ አላውቅም። ነይ ልጄ፣ ልፈርምልሽ።»

ወረቀቱን ተቀብላ ስትወጣ ዶኛ ታታ አንቃ ሳመቻትና በጆሮዋ፣ «ሂጂ፣ ከቧንቧው ጋ ነው ያለው» አለቻት። «ከመጣን ጀምሮ እጁን ይታጠባል። ቆዳው ሳይላጥ ድረሽለት።»

ኤሊሂዮ ቧንቧው ሥር ጎንበስ ብሎ ቀለሙን ይፈትጋል። ስትመጣ ሰማት፤ ቀና አላለም።

«ማክሰኞ የተናገርኩትን…» አለችው። «ምላሴን ቢቆርጠው ይሻለኝ ነበር። አንተንም እናትህንም ነው የሰደብኩት። ይቅር በለኝ።»

«ስድብ አይደለም። በጣታቸው ነው የሚፈርሙት፣ እውነት ነው።»

«እንደዚህ አትበለኝ! ተቆጣኝ፣ ስደበኝ፣ እንዲህ ግን አትበለኝ።»

ቧንቧውን ዘጋ። ቦታው ጣሪያ አልነበረውምና የሚያየው ሌላ ነገር አጥቶ ለመጀመሪያ ጊዜ ዓይኖቿን አየ።

«በዘጠኙም ቀን ብዕሩን አንስቼ ነበር» አላት። «ፊርማዎን ከራሴ ፊርማ በላይ አውቀዋለሁ። ብፈርም ማንም አያውቅብኝም። ግን እርስዎ አንዲት ጠብታ እንኳ አዛብተው ሰጥተው አያውቁም። ፈቃድዎ ውስጥ የእኔ ውሸት ሊኖር ነው? አንድ ቀን ቢታወቅ ደግሞ ለዘላለም ይቀሙዎታል። አልሆነልኝም።»

«ታዲያ ለምን አልነገርከኝም?»

«ለቀድሞው ዳይሬክተር ሁለት ጊዜ ጻፍኩለት። ዛሬ ይመልሳል፣ ነገ ይመልሳል ስል ወራቱ ነጎዱ። ጥፋቱ የእኔ ነው። ያኔውኑ ወንዙን ተሻግሬ ምስክር ማምጣት ነበረብኝ።» እንደ ሕመምተኛ ፈራ ተባ እያለ ጨመረ። «ሌላም ነገር አለ። ማክሰኞ የተናገሩት ሁሉ ሐሰት አልነበረም። አንድ ቀን፣ መዝገቡን ገልጬ ሳየው፣ ምናለ ባዶ እንደሆኑ ቢቀሩ ብዬ ተመኝቻለሁ። ከእርስዎ ጋር ዘጠኝ ቀን ላገኝ ነው፣ አልኩ ለራሴ። ለሞኝ ሰው ዘጠኝ ቀን ብዙ ነው። ለዚህ ነው በቅሎዋን ሳላሳርፋት የሄድኩት። በራሴ አፍሬ ነው።»

ኔሬይዳን ዓመቱን ሙሉ ስንት ሰው መድኃኒት ሲቀበላት አመስግኗት ነበር፤ እንዲህ ያለ እውነት ግን ሰጥቷት የሚያውቅ ሰው የለም። እንድትሄድ የረዳት፣ እንድትቀርለት የተመኘው ሰው ነው! እጇን ኪስዋ ከትታ ለእናቷ የጻፈችውን ወረቀት አወጣችና ሰጠችው። አነበበው። እሺ የምትለዋ ቃል ላይ ሲደርስ ወረቀቱን ዝቅ አደረገ።

«ዛሬ ከሰዓት ልልከው ነበር» አለችው። ከእጁ መልሳ ወሰደችና ቧንቧውን ከፍታ ወረቀቱን ከውኃው ሥር ያዘችው። ቀለሙ ሟሙቶ በጣቶቿ መሃል ፈሰሰ። ሁለቱም ጎን ለጎን ቆመው ውኃው ሲጠራ አዩት።

«ነገ ወደ ዋና ከተማ የሚወርደው ሚኒባስ ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ነው የሚነሳው» አላት ኤሊሂዮ በመጨረሻ። «እንዳያመልጥሽ።»

ዓመት ሙሉ እርስዎ ሲላት የኖረ ሰው ነው። ኔሬይዳ እንዳልሰማች ሆነች፤ ቃሉን ደጋግማ በልቧ ለመስማት ነበር።

ወረቀቱ ዓርብ ከቀትር በፊት ደረሰ። ቅዳሜ ሳንቲያጎ ገብታ ለእናቷ ሁሉንም ነገረቻት። ዶኛ ኦፌሊያ የባሏን ባንኮኒ አቧራ እየጠረገች አዳመጠቻት። «ለመሆኑ ይህ ልጅ ሥራው ሰው ማስፈረም ብቻ ነው?» አለቻት።

«አይደለም እማዬ። አለመፈረምም ያውቃል።»

እናትየው ጨርቁን አስቀመጠች። የባሏ ፈቃድ ተሰቅሎበት የነበረውን ባዶ ሚስማር ቀና ብላ አየችው። «አባትሽም እንደዚያ ነበር» አለች፤ ስለ ፋቢያንም ዳግመኛ አላነሳችም።

ሰኞ ጠዋት ኤሊሂዮ መዝገቡን ከፍቶ ቀኑን ጻፈ። የኔሬይዳን ስም ሊጽፍ እጁ እንደ ልማዱ ሄዶ ነበር፤ መለሰው። አዲስ ተመዳቢ እስኪመጣ የመድኃኒት ክፍሉ መስመር ባዶ ይቆያል። ባዶ መስመር ማየት ለምዶ ነበር፤ የዛሬው ግን ሆድ አስባሰው።

«ዘገየሁ?» አለ አንድ ድምፅ።

ነጭ ጋውኗን በክንዷ ላይ ጥላ በሩ ላይ ቆማለች። ኤሊሂዮ ሲነሳ ወንበሩ ወደቀ።

«አንቺ… ዓመትሽ እኮ ሞልቷል!»

«አውቃለሁ።»

«ይህ ቀን አይቆጠርልሽም።»

«አውቃለሁ አልኩህ። አዋጁ እስኪወጣ ገና ወራት ይፈጃል፤ የመድኃኒት ክፍሉ ደግሞ ሰው የለውም። ዶክተሩን በስልክ አስፈቅጃለሁ። አሥራ ሦስተኛ ወር አላልክም?» አለችና ጋውኗን ለበሰች። «ከሕግ ውጪ የሆነ ወር ነው። በገዛ እጄ ነው የመጣሁት።»

መሳቢያውን ከፍቶ ያንን ብዕር አወጣ፤ ክዳኑን ከፍቶ ዘረጋላት። ኔሬይዳ ብዕሩን አልተቀበለችም። የማኅተም ቀለሙን ቆርቆሮ ወደ ራሷ ሳበች፤ አውራ ጣቷን ነክራ፣ በመድኃኒት ክፍሉ ባዶ መስመር ላይ፣ ቀስ ብላ ተጫነች። አሻራዋ ሐምራዊ ሆኖ ቀረ።

ኤሊሂዮ አሻራውን አይቶ ዓይኑ እንባ ሞላ። ለማን እንደፈረመች፣ ስለ የትኛው ቃል ይቅርታ እንደጠየቀች ገብቶታል።

«ምርመራው ላይ…» አለ፣ በመዝገቡ ዳር ያለውን ጠባብ ዓምድ እያሳያት፣ «ምክንያት መጻፍ አለብኝ። ምን ልበል?»

«እውነቱን ነዋ። መቼ ሌላ ነገር ጽፈህ ታውቃለህ?» አለችውና በቀለም በጨቀየ ጣቷ እጁን ያዘችው። «ወድዳኝ ነው የመጣችው በል።»

ጎንበስ ብሎ ጻፈው። መዝገቡን የሚይዝበትን ግራ እጁን እሷ ስለያዘችው፣ ያ የሚያምረው ጽሕፈቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ተጣመመ።